ከሞያሌ ወዲያ

"ዓምሃ፣ አህያዋ!"

አበራሽ የጮኸችው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው ቁልቁለት አጋማሽ ላይ ነበር። የባሕር ዛፍ እንጨት የተጫነች አህያ መንገዱ መሀል ተገትራለች፤ ባለቤቷ ሴትዮ ዳር ቆማ በዱላዋ አየሩን ትመታለች። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። ክላክስም አልተሰማም። አበራሽ ዞር ብላ ባሏን አየችው። ሁለት እጁ መሪው ላይ ተጣብቋል፤ ከንፈሩን ነክሷል፤ ዓይኖቹን ጥርቅም አድርጎ ጨፍኗል።

አህያዋን ያተረፋት የራሷ እግር ነው። ዘላ ቦዩ ውስጥ ስትገባ የጭነቷ ጫፍ የመኪናውን በር ከፊት እስከ ኋላ ፋቀው። ዓምሃ ዓይኑን ገለጠ፤ በረጅሙ ተነፈሰ፤ መቶ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ፍሬን ያዘ።

"አየሽ አይደል?" አላት ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ። "ሌላ ሰው ቢሆን ይጨፈልቃት ነበር።"

አበራሽ ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችና በሁለት መዳፏ ተጫነችው።

ጊዜው 1961 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው እሑድ ነው። ዓምሃ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። ጥቁሯን ቮልስዋገን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መምህር ከገዛት ገና ወር አልሞላውም፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ደግሞ ሦስት ሳምንቱ ነው። ጉለሌ ውስጥ እነሱ ባሉበት ሰፈር፣ በእሱ ደረጃ ካሉ ሠራተኞች መኪና ያለው ሌላ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግቢ ውስጥ በቆመችው መኪና ገብተው በአፋቸው ሞተር እያስነሱ ይጫወቱባታል። አበራሽም ደስ ብሏት ነበር። በሆስፒታል የልብስ ክፍል አንሶላ ስትሰፋ ውላ ስትወጣ በር ላይ ይጠብቃታል፤ የሥራ ጓደኞቿ እያዩ በሩን ከፍቶ ሲያስገባት ኮርታለች።

ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ዓይኖቹን ትከታተል ጀመር። ማክሰኞ፣ አዲሱ ገበያ አጠገብ አውቶቡስ ከፊታቸው ሲመጣ ጨፈነ። ረቡዕ፣ ጠባቧ ድልድይ ላይ ጨፈነ። እንቅልፍ አይደለም። ትልቅ ነገር ከፊቱ በመጣ ቁጥር የዓይኑ ቆብ በራሱ ጊዜ ይከደናል፤ ነገሩ ሲያልፍ ይገለጣል፤ እሱም ያቋረጠውን ወሬ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚያውቀው አይመስልም። አበራሽ ማታ ማታ የምትነግርበትን ቃል ስትፈልግ ታመሻለች። ሰውን "ትቸኩላለህ" ማለት ይቻላል፤ "ትቆጣለህ" ማለትም ይቻላል። "ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምትነዳው" ግን እንዴት ይባላል?

ሐሙስ ደብዳቤው መጣ።

የታናሽ ወንድሟ የደበላ ነበር። ደበላ በጭነት መኪና ረዳትነት ከሞያሌ አልፎ ኬንያ ድረስ ይመላለሳል። ጽሑፉ ተንጋዷል፤ ተኝቶ እንደጻፈው ያስታውቃል።

"እትዬ አበራሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልሞትኩም። መኪናችን ከሞያሌ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ተገልብጦ ጭኔ ተሰብሯል። ኬንያ ውስጥ አንዲት ትንሽ መንደር፣ የሚሲዮን ክሊኒክ ተኝቻለሁ። መነኩሲቷ ደግ ናት፤ ግን እዚህ አጥንት የሚያቃና ሐኪም የለም። ቁስሉ ወደ ውስጥ እየሄደ ስለሆነ ቶሎ ትልቅ ሆስፒታል ካልገባህ እግርህ ይቆረጣል ብላኛለች። ናይሮቢ ማንን አውቃለሁ? መጥታችሁ ውሰዱኝ።"

ደብዳቤው ከተጻፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ዓምሃ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ብድግ ብሎ መስኮቱ ጋ ሄደና ግቢው ውስጥ የቆመችውን መኪና ተመለከተ።

"ነገ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን" አለ።

"በአውቶቡስ ብንሄድስ?" አለች አበራሽ።

"በምን?"

"በአውቶቡስ። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። አንተም አትደክም።"

"መኪና እያለኝ የአውቶቡስ ሰልፍ ልያዝ? ከፍየልና ከጆንያ ጋር ተጋፍቼ? የወንድምሽ እግር ሊቆረጥ ነው እያለሽ!"

"እሱስ ልክ ነው…"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አበራሽ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። "ምንም" አለች።

በማግስቱ ከሥራ ቀርታ አዲሱ ገበያ አካባቢ ወደሚኖሩት ወደ ኦቦ ቶለሳ ቤት ሄደች። ኦቦ ቶለሳ የአባቷ ያገር ልጅ ናቸው፤ ከሱሉልታ አብረው ነው የመጡት። ዕድሜያቸውን ሁሉ በደቡብ መስመር የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው አዳመጧት።

"አውቶቡሱ እስከ ዲላ ደህና ነው" አሏት። "ከዲላ ወዲያ ቀን ጠብቆ ነው የሚነሳው። አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ ጨርሶ ይቀራል። ከሜጋ በኋላ ያገኘሽው ጭነት መኪና ላይ ትወጫለሽ። ቢቀናሽ ስድስት ቀን።"

"በትንሽ መኪናስ?"

"ሦስት ቀን። አሁን በጋ ነው፣ ወንዞቹ ደርቀዋል። ከሞያሌ ወዲያ ግን ለብቻ አይኬድም። የኬንያና የሽፍቶች ጦርነት ቆሟል ይባላል እንጂ ሽፍታው ጠመንጃውን የት ጥሎት? ከጭነት መኪና ኋላ ነው የሚኬደው።" ከዚያ ፊቷን አዩት። "ምን ሆነሻል፣ ልጄ? ሌላ ነገር አለ መሰለኝ።"

ነገረቻቸው። ይስቃሉ ብላ ፈርታ ነበር፤ አልሳቁም።

"የሚፈራ ሾፌር ብዙ አውቃለሁ" አሉ። "እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። የሚፈራ ሰው ቀስ ይላል፣ ቆም ይላል። ዓይኑን የሚጨፍን ግን… ንገሪው።"

"እንዴት ብዬ፣ ኦቦ?"

"እንዴት ብለሽ እንደሆነ እንጃ። ብቻ ገደል አፋፍ ላይ ሳትደርሱ ንገሪው።"

ወደ ቤቷ በእግሯ ስትመለስ ስድስትንና ሦስትን እያወዳደረች ነበር። ዓምሃን ስታስብ ስድስቱ ይሻላታል፤ ደበላን ስታስብ ሦስቱ። ደበላን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በአውቶቡስ ከሄደች ከነነፍሷ ትደርሳለች፤ ስትደርስ ግን የምታነሳው አንድ እግር ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። ቤቷ ስትገባ ወስና ነበር። ልጆቹን ለእናቷ ሰጠች፤ ስትሰናበታቸው ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አቅፋ ያዘቻቸው። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት መንገድ አበራሽ ያለፈችው በሁለት ሰው ዓይን እያየች ነው። ጥምዝ ሲመጣ ቀድማ ታያለች፤ ከፊት አቧራ ሲነሳ ቀድማ ትናገራለች። "መኪና መጣ፣ ወደ ዳር ያዝ" ትለዋለች። "ቀስ በል እስኪ፣ ውሃ ልጠጣ" ትለዋለች፤ ውሃ ግን አትጠጣም። ከሩቅ ከተነገረው ፍጥነት ቀንሶ ዳር ይይዛል፤ ቢጨፍንም መኪናው በቀጥታው ያልፋል። ከዲላ ወዲያ መንገዱ ኮረኮንች ሆነ። አቧራው ጥርሳቸው መሀል ይንቀጫቀጫል፤ መሪው በዓምሃ እጅ ይንዘፈዘፋል። ከሐገረ ማርያም አለፍ ብሎ ባለ ጥምዝ ላይ ቡና የጫነ መኪና ድንገት ብቅ ሲል ለመናገር ጊዜ አላገኘችም። እጇን ልካ መሪውን ወደ ቀኝ ጎተተችው። የጭነት መኪናው ጎማ፣ ከእሷ ቁመት የሚበልጠው ጎማ፣ በመስኮቱ በኩል እየተሽከረከረ ሲያልፍ ንፋሱ ፊቷን መታው።

ዓምሃ መኪናውን አቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሁለተኛ መሪ እንዳትነኪ!" አላት። "ልትገይን ነው እንዴ?"

"ፈርቼ ነው።"

"ምኑን ነው የምትፈሪው? እኔ አለሁ አይደል!"

"አዎ፣ አለህ" አለች። ድምፁ ከእሷ ድምፅ በላይ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ግን ያን ጊዜ ልብ አለች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሞያሌ ገቡ። አገር ከአገር የሚለያየው ባዶ ፈፋና አንድ አግዳሚ እንጨት ነው። የእኛው የኬላ ሹም የይለፍ ወረቀታቸው ላይ ማኅተም መትተው ወደ መኪናዋ ጎንበስ አሉ።

"ኬንያ ነድተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አለ ዓምሃ።

"እንግዲያውስ ይጠንቀቁ። ከእንጨቱ ወዲያ በግራ ነው የሚነዳው። እኛም እኮ የዛሬ አምስት ዓመት በግራ ነበርን። አሁን ከፊት የሚመጣብዎት ሰው እርስዎ ቀኝ በሚሉት በኩል ነው የሚመጣው።"

ዓምሃ ሳቅ ለማለት ሞከረ።

በወዲያኛው በኩል ያለው ዘበኛ ቁምጣ የለበሰ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው። ዓምሃ በአማርኛ ሲያናግረው ትከሻውን ነቀነቀ፤ በመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛው ሲሞክረውም ብዙ አልተግባቡም። አበራሽ ግን ሰውየው ከጓደኛው ጋር የሚያወራውን ሰምታ ቆማ ቀረች። ኦሮምኛ ነው። ዜማው ከእናቷ ይለያል፣ ቃሉ ግን ያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቤቷና በዘመዶቿ መካከል ብቻ የምትናገረውን ቋንቋ፣ በሰው አገር ድንበር ላይ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ይናገረዋል።

"ነጋያ?" አለችው። ሰላም ነው ወይ ማለቷ ነው።

ዘበኛው ፊቱ በራ። "ነጋ! ከየት ነሽ አንቺ?"

ያወሩት አጭር ነበር። መንገዱ ክፉ መሆኑን፣ ነገ ጠዋት ሰውና እህል ጭኖ ክሊኒኩ ባለበት መንደር የሚያልፍ መኪና መኖሩን፣ ብቻውን የሚሄድ ትንሽ መኪና ግን እሱ እንደማያሳልፍ ነገራት። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ባልሽ በግራ ነድቶ ያውቃል?" አላት።

"አያውቅም።"

"እንግዲያውስ አንቺ የጭነት መኪናው ላይ ከሰዎቹ ጋር ውጪ" አላት። "እናቶቹ ሁሉ በሱ ነው የሚሄዱት።"

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው ግንብ ስር ቆሞ ይጭናል። ባለቤቱ ሽማግሌ ራሳቸው ይነዳሉ፤ ተለዋጭ ሾፌራቸው የወንድማቸው ልጅ ሸፊ ነው፤ አማርኛ የሚችል፣ ባለ ሽበት፣ ዝምተኛ ሰው። ሴቶች ልጅ አዝለው በጎማው ላይ እየረገጡ ወደ ጆንያዎቹ ይወጣሉ። ዓምሃ የመኪናዋን መስታወት ያብሳል። አበራሽ ሻንጣዋን ከኋላ መቀመጫ አወጣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አላት።

"እኔ በዚህኛው ነው የምሄደው።"

"በዚህኛው? እላዩ ላይ?"

"አዎ።"

"አበራሽ፣ ሰው ፊት አታዋርጅኝ። ግቢ።"

"አልገባም።" ይህን ቃል ለእሱ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። "ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ዓምሃ።"

"ምን?"

"ከፊትህ መኪና ሲመጣ ዓይንህን ትጨፍናለህ። በአህያዋም ጊዜ ጨፍነህ ነበር። በአውቶቡሱም ጊዜ። በዚያ ቡና በጫነውም ጊዜ። እየቆጠርኩ ነው የመጣሁት። ትናንት ብቻ ዘጠኝ ጊዜ።"

መስታወቱን የሚያብስበት ጨርቅ እጁ ላይ ቀረ። ፈቀቅ ብሎ ባዶውን ፈፋ ተመለከተ።

"ሂጂ" አለ በመጨረሻ። "ከኋላችሁ እከተላለሁ።"

ከጆንያው ላይ ሆና የምታየው የአቧራ ደመናና በመሀሉ ብቅ ጥልቅ የምትል ጥቁር ነጥብ ነው። ሴቶቹ ቦታ ሰጥተዋታል፤ አንዷ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣላታለች። እዚህ ላይ ሆና ልቧ ያርፋል ብላ ነበር። አላረፈም። ትናንት ጥምዙን ቀድማ የምታይለት እሷ ነበረች። ዛሬ ማን ያይለታል? ግራና ቀኙ እሾሃማ ቁጥቋጦና ቀይ አፈር ብቻ ነው፤ ሰው የለም፣ ቤት የለም፣ ከብት እንኳ የለም። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመዋል። ጭኗ ላይ ልጅ ያኖረችላት ሴት በአገጯ ወደ ቁጥቋጦው እያመለከተች "ከዚህ እስከ ጉብታው ድረስ አይቆምም" አለቻት።

ከፊት ነዳጅ የጫነ ትልቅ መኪና መጣ። ሽማግሌው ወደ ግራ ጠበቅ አድርገው ያዙ፤ መኪናው በቀኛቸው እያጓራ አለፈ። አበራሽ ተነስታ በጉልበቷ ቆመች። አቧራው ሁሉን ነገር ሸፈነው።

ጠበቀች። አቧራው ቀስ እያለ ወረደ፣ መንገዱ ታየ። ባዶ ነው።

"አቁሙ!" አለች። ከዚያ በኦሮምኛ ጮኸች። "አቁሙ! ባሌ ነው! ባሌ ቀርቷል!"

መኪናው አልቆመም። እየተንፏቀቀች ወደ ፊት ሄዳ የሾፌሩን ጣሪያ በቡጢ ደበደበችው። ሴቶቹም አብረዋት ጮኹ። ሽማግሌው ከታች "እዚህ አይቆምም! ሊያስፈጁን ነው!" ሲሉ ይሰማታል። የሸፊ ድምፅ መለሰላቸው፤ ምን እንዳለ አልሰማችም። መኪናው ቆመ።

ሸፊ ወርዶ እጇን ይዞ አወረዳት። "ፈጠን በይ" አለ። "አጎቴ ብዙ አይጠብቁም።"

በሩጫ ተመለሱ። የጫማዋ ተረከዝ አሸዋው ውስጥ ሲሰምጥ አውልቃ ያዘችው። ከሞተሩ ድምፅ ከራቁ በኋላ ያለው ጸጥታ ያስፈራል፤ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ከኋላው ሰው ያደፈጠበት ይመስላል። ያን ሁሉ ቀን "እንዳይገለን" እያለች ነበር የምትጸልየው። አሁን ጸሎቷ ወደ አንድ ቃል አጠረ፤ "አትርፈው፣ አትርፈው።"

መኪናዋን ያገኟት ከመንገዱ ሠላሳ እርምጃ ወጣ ብላ፣ አፍንጫዋን ኩይሳ ላይ አስደግፋ ነው። የፊት መብራቷ ተሰብሯል። ዓምሃ ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ዓይኖቹ ተገልጠዋል፤ የሚያዩት ግን ኩይሳውን ነው።

"ዓምሃ! ተመታህ? ደም አለ?"

"ጨፈንኩ" አለ።

በሩን ከፍታ ፊቱን፣ ደረቱን፣ እጁን ዳሰሰች። ምንም አልሆነም።

"እንደለመድኩት ወደ ቀኝ ሄድኩ። እሱም በዚያው በኩል መጣ። ከዚያ ጨፈንኩ። ስጨፍን ተሰማኝ፣ አበራሽ። አንቺ ነግረሽኝ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ዛሬ ሲጨፈንብኝ አወቅሁት። ልገልጠው ብል እምቢ አለኝ።"

"ፈተናውን እንዴት አለፍከው?" አለው ሸፊ፣ እውነት ለማወቅ ፈልጎ።

"ሜዳ ላይ ነበር የተፈተንኩት። ከፊቴ የመጣ ነገር አልነበረም።" ዓምሃ መሪውን ለቀቀ፤ ጣቶቹ ግን እንደታጠፉ ቀሩ። "እፈራለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እፈራለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ልጆቹ ደስ ብሏቸው ነበር" አለ። "አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር።"

አበራሽ ከመኪናዋ ውጭ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። ሸፊ ክላክስ ሲጠራቸው ሰምቶ "ተነሱ" አለ። "እኔ እነዳዋለሁ። ተጠጉልኝ።"

ክሊኒኩ የደረሱት ቀትር ላይ ነው፤ በቆርቆሮ የተከደነ አንድ ረጅም ቤትና የውሃ ታንከር። ደበላ ከሳ ብሎ ዓይኑ ጎልቷል። እህቱን ሲያይ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከኋላዋ ዓምሃን አይቶ ደግሞ እንባውን ጠረገና "ጋሼ፣ በራስዎ መኪና መጡ?" አለ።

"መኪናዋ መጥታለች" አለ ዓምሃ።

መነኩሲቷ የደበላን እግር ሁለት እንጨት መሀል አድርጋ እንዴት እንዳሰረችው አሳየቻቸው። ሙቀቱ ወርዷል፤ ከአራት ቀን በላይ ሳይቆይ ትልቅ ሆስፒታል ከደረሰ እግሩ እንደሚተርፍ ተስፋ አላት። ነገር ግን መታጠፍ የለበትም። ጆንያ ላይ ቢጫን መንገጫገጩ አጥንቱን ያላቅቀዋል። ሸፊ መኪናዋን ዞረ፤ ከሾፌሩ ጎን ያለውን መቀመጫ ፈትቶ አወጣውና በምትኩ ከፊት እስከ ኋላ ሳንቃ ዘረጋ። ደበላ እዚያ ላይ ተጋድሞ ራሱን ወደ ኋላ፣ እግሩን ወደ ፊት አድርጎ ይሄዳል። ክሊኒኩ ቁስል የምታጥብ አንዲት ጎልማሳ ሴት እስከ ሞያሌ ድረስ አብራው እንድትሄድ ፈቀደ። ከጎኗ ጠበብ ያለች፣ አንድ ሰው የምትችል ቦታ ተረፈች። ደበላ ከዓመታት በኋላ ትንሽ እያነከሰ ጉለሌ ውስጥ ይህን ሲያወራ፣ ሕይወቱን ያተረፈው ያ ሳንቃ እንደሆነ ይምላል።

በማግስቱ ጠዋት የጭነት መኪናው ከወዲያኛው መንደር ተመልሶ መጣ። ሽማግሌው ከመሪው ላይ ሆነው በሸፊ ላይ ይጮሃሉ፤ ሸፊ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ቮልሷን እንዲነዳ ፈቅደውለታል፣ ግን ቶሎ በል ነው የሚሉት።

ሸፊ ወደ ዓምሃ መጣ። "ቁልፉ?"

ዓምሃ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አወጣ። ለአፍታ መዳፉ ላይ አየው። ከዚያ ሰጠው።

"ከኋላ አንድ ቦታ አለ" አለ ሸፊ። "ማናችሁ ናችሁ የምትገቡት?"

"እሷ ናት" አለ ዓምሃ። "እኔ ከላይ እወጣለሁ።"

ሲናገር ቀና ብሎ ጆንያዎቹን፣ ሴቶቹን፣ በገመድ የታሰሩትን ፍየሎች አየ። ፊቱ ላይ ያለውን ፍርሃት አበራሽ አሁን በደንብ ታውቀዋለች። ይሁን እንጂ ከረባቱን ፈታ፣ ኪሱ ከተተው፣ ጎማው ላይ ረገጠ። አንድ ጊዜ አንሸራተተው። ሁለተኛ ሞከረ። ከላይ አንዲት ሴት እጇን ዘርግታ ጎተተችው። ጆንያዎቹ ጫፍ ላይ ተቀመጠና የገመዱን ጫፍ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ።

"እትዬ፣ ግቢ እንጂ" አለ ደበላ ከሳንቃው ላይ። "ፀሐዩ ሳይበረታ።"

አበራሽ ጎንበስ ብላ ግንባሩን ሳመችው። ቁስል አጣቢዋ ከጎኑ ተቀምጣ እግሩን ደግፋ ይዛለች፤ ሸፊ ሞተሩን አስነስቶ ግራና ቀኙን ያያል። እሷ ባትኖር የሚጎድልበት ነገር አልነበረም።

"ሸፊ አለልህ" አለችው። "ሞያሌ እንገናኛለን።"

በሩን ከውጭ ዘጋችው። ወደ ጭነት መኪናው ሄዳ ሻንጣዋን ወደ ላይ ወረወረች።

"ያዝልኝ" አለች።

ዓምሃ ገመዱን በአንድ እጁ ለቆ ሻንጣውን ተቀበላት። "መኪናው ውስጥ ቦታ አለ እኮ" አላት ግራ ገብቶት።

"አውቃለሁ" አለች አበራሽ፣ ቀሚሷን ሰብስባ እግሯን ጎማው ላይ እያሳረፈች። "ጠጋ በልልኝ።"